ጤና አዳሟን ከጀሪካን ያወጣን ቀን

እኛ ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት። አንዳችን ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዳችን ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ትንሿ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እንግዲህ እንደምታዩት ከመሀላችን ገበሬ የለም። የአዲስ አበባ ልጆች እንደመሆናችን ስለ ተክል የነበረን ዕውቀት ‹‹ውሃ ይፈልጋል›› ብሎ ጀምሮ እዚያው ላይ የሚያልቅ ነበር። ይህን አስቀድመን የምንነግራችሁ፣ ከዚህ በታች የምናወራውን ነገር የተማርነው በመግደል መሆኑን እንድታውቁት ነው። አዎ፣ ገድለናል! የተከበረች፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ቡና ያጠጣች አንዲት ጤና አዳም ገድለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያታችን እምዬ ቡና ያለ ጤና አዳም አትጠጣም። ስኳር ቢጠፋ በጨው ትጠጣለች፤ ጨውም ቢጠፋ ባዶውን ትጠጣለች። ጤና አዳም ከጠፋ ግን ‹‹ዛሬስ ራሴን አሞኛል›› ብላ ሲኒዋን ገፋ ታደርገዋለች። ካዛንቺስ በነበረው ግቢያችን ከኩሽናው ግድግዳ ሥር አንዲት ቁጥቋጦ ነበረቻት። ቅጠሏ ለቡና ነው፤ ፍሬዋ ለበርበሬ ይለቀማል፤ ሆዱን የቆረጠው ጎረቤት ደግሞ በር ሳያንኳኳ ገብቶ ቀንጥሶ ይሄዳል። እምዬ የቡና አተላውን የምትደፋውም እሷው ላይ ነበር። ለእኛ ግን እንደ ግድግዳው ነበረች። ግድግዳ ደግሞ ካልፈረሰ ማን ያየዋል?

ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት የካዛንቺስ ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ የእኛም ግቢ አብሮ ሄደ። ስለዚያ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ተክል ብቻ ነው።

ዕቃችንን የጫነው አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። እምዬ ‹‹ጤና አዳሜን!›› አለች። ትልቁ ወንድማችን (ስሙን አንጠቅስም፣ ይህን ጽሑፍ አብሮን እየጻፈ ነው) እየሮጠ ሄዶ አንገቷን ይዞ ሳባት። አልወጣችም። አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንደገና ሳባት። ‹‹ቋ!›› የሚል ድምፅ ተሰማና ወጣች። አፈሩ ሁሉ ረግፎ ሥሯ እንደ አሮጌ ገመድ ተንጠለጠለ። ትንሿ ደግሞ ‹‹መኪናው ውስጥ አፈር እንዳታራግፍ›› ብላ የቀረችውን አፈር በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጋ አጠበቻት። ከዚያ በፌስታል ጠቅልለን ፍራሽ ላይ አስተኝተን ኮዬ ፈጬ ወሰድናት።

አዲሱ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎኩ ጀርባ ጥቁር አፈር ቆፍረን በቀለም ባልዲ ሞላን፤ ተከልናት። በነጋታው ጠወለገች። ‹‹ጠምቷት ነው›› ብለን ውሃ አጠጣናት። በሦስተኛው ቀን ይበልጥ ጠወለገች። እኛም ይበልጥ አጠጣናት። በዘጠነኛው ቀን ግንዷን ነካ ስናደርጋት ልክ እንደ ክብሪት እንጨት ተሰበረች። ባልዲው ታች ቀዳዳ እንዳልነበረው የገባን ለመጣል ስናነሳው ነው። እንደ ጭቃ ሾርባ ይንቦጫረቅ ነበር። ሥሯ ጠቁሮ ይሸታል።

እምዬ ምንም አላለችም። ተሳድባ ቢሆን ይሻለን ነበር።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንሂድ። (አትሽሹ፣ አጭር ነው።) ተክል ውሃ የሚጠጣው እኛ ‹‹ሥር›› ብለን በምናየው ወፍራም ነገር አይደለም። ወፍራሙ ሥር ቧንቧ ነው፤ ያስተላልፋል፣ ተክሉንም ያቆማል። ዋናው ጠጪ ከቀጫጭኖቹ ሥሮች ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ የሚበቅለው የሥር ፀጉር ነው። እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሳ ዓይን በቀላሉ አያየውም። ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ስለዚህ አፈሩ ሲረግፍ እሱም አብሮ ይቀራል፤ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኘውም ወዲያው ይደርቃል። ወንድማችን የሳባት ጊዜ ግንዱ፣ ቅጠሉ፣ ወፍራሙ ሥር ሁሉ ደኅና ይመስል ነበር። አፏን ግን ካዛንቺስ ትተነው መጥተናል። እኛ ደግሞ አፍ ለሌላት ተክል ባልዲ ሙሉ ውሃ አቀረብን! ሥር ለመተንፈስ አየር ይፈልጋል። ውሃ የተኛበት አፈር ውስጥ አየር ስለሌለ የተረፉትም ሥሮች በሰበሱ። ውሃ ውስጥ ቆማ በጥም ሞተች።

ወንድማችንም ዋጋውን አግኝቷል። ቁጥቋጦዋን በጠራራ ፀሐይ ታቅፎ ስለነበር ከሁለት ቀን በኋላ ክንዱ ላይ እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣ። ‹‹የእምዬ እርግማን ነው›› ብለን ሳቅንበት። እርግማን አልነበረም። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ምልክቱ የሚወጣው በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ስለሆነ ሰው ከተክሉ ጋር አያያይዘውም። ብዙ ቅጠል የምትነኩ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ ስትጨርሱም በሳሙና ታጠቡ። ሲኒ ውስጥ የምትገባዋ አንዲት ቅንጣቢ ግን አታስፈራችሁ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። ግን እምዬ ከእኛ ትቀድማለች። ያን ቀን ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ተቀምጣ ስትመጣ ጭኗ ላይ የሆነ ነገር በነጠላዋ ሸፍና ነበር። እኛ የጸሎት መጽሐፏ መስሎን ነበር። ለካ አፏ የተቆረጠ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው! በክረምቱ ከትልቋ ቀንጥሳ የተከለቻት አንዲት ችግኝ፣ በካዛንቺስ አፈር ውስጥ ቆማለች። እምዬ ‹‹ቤቱ ይፈርሳል›› የሚለው ወሬ ከተሰማበት ቀን ጀምሮ ስትዘጋጅ ነበር። ማንም አልነገራትም፤ ለማንም አልነገረች። ጀሪካኗ በረንዳ ላይ ተቀመጠች፤ ቡናውም ጤና አዳሙን አገኘ።

ዓመት አለፈ። ጀሪካኗ መጥበብ ጀመረች። ተክል ዕቃው ሲጠበው ይናገራል፤ የምትሰሙ ከሆነ። አንደኛ፣ የምታጠጡት ውሃ ሳይቆይ ሽው ብሎ ከታች ይወጣል፤ ምክንያቱም ውስጡ ከአፈሩ ሥሩ በዝቷል። ሁለተኛ፣ ከታች ባለው ቀዳዳ ሥር ብቅ ይላል። ሦስተኛ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ፤ አዲስ ቅጠል ማውጣትም ይቆማል። የእኛዋ ሦስቱንም አሟላች። ወደ ትልቅ ፖት መዛወር አለባት ማለት ነው።

‹‹አትንኳት!›› አለች እምዬ።

ፈራች። እውነቷን ነው፤ የእኛን እጅ አይታዋለች። ደግሞም ይቺ ብትሞት ከየት ይመጣል? ጤና አዳም በእርግጥ ገበያ ሞልቷል፤ የገበያው ግን የካዛንቺሷ ልጅ አይደለም። ተመልሰን ቀንጥሰን የምናመጣበት ግቢ የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ካልነካናትም ቀስ በቀስ ታንቃ መሞቷ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ተከራከርን።

በዚህ መሀል ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የአክስታችን ልጅ ደወለ። እንደ ቀልድ ነገርነው። ‹‹ቆይ፣ ጎረቤቴን ልጠይቅላችሁ፤ እሱ የዚህ ነገር ፕሮፌሰር ነው›› አለን። ጎረቤቱ ቤቱ ውስጥ የሚያበቅለው ግን ጤና አዳም አይደለም… ያንን ሌላውን ቅጠል ነው፤ ካናቢስ። እዚያ ከተማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው ለራሱ እስከ ስድስት ተክል ቤቱ ውስጥ ማብቀል ይችላል፤ ያደጉት ግን ከሦስት መብለጥ የለባቸውም። እኛ አገር በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። እዚያም ቢሆን የፌዴራሉ ሕግ አልፈቀደውም፤ ስለዚህ የዜግነት ወረቀት የሚጠብቀው የአክስታችን ልጅ አጠገቡም አይደርስ። ምክር መጠየቅ ግን አያስከስስም አይደል?

ምክሩ አጭር ነበር። ‹‹ተክሉን ከዕቃው አታውጡት፤ ዕቃውን ከተክሉ አውልቁለት።›› ሰውየው እንደሚለው ያ ቅጠል ሥሩ ሲነካ ኩርፊያ ያበዛል፤ ከድንጋጤው ወጥቶ እንደገና እስኪያድግ ቀናት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከትንሽ ኩባያ ወደ መካከለኛ፣ ከመካከለኛ ወደ ትልቅ እያሉ በየደረጃው ያዛውሩታል፤ በየጊዜውም አፈሩ እንዳለ፣ ሳይፈርስ። እምዬ ከጎን እየሰማች ‹‹ሰውየው ምንድነው የሚያበቅለው?›› አለች። ተያየን። ትንሿ ‹‹መድኃኒት ነገር ነው፣ እምዬ›› አለች። እምዬም ‹‹እንዲህ ከሆነማ አዋቂ ነው፣ የሚላችሁን ስሙ›› ብላ ፈቀደች። እግዜር ይቅር ይበለን።

አሁን እናንተም ቤት የጠበባት ተክል ካለች አብራችሁን ሥሩ።

ዋዜማውን ውሃ አጠጣናት። ደረቅ አፈር ይረግፋል፤ ጭቃ የሆነ ደግሞ በክብደቱ ተቆርሶ ሥር ይበጥሳል። በዋዜማው የጠጣች ተክል አፈሯ ራሱን ችሎ ይይዛል፤ እሷም ጠግባ ትጓዛለች። ፖቱን ስንመርጥ ወንድማችን ትልቅ በርሜል የሚያህል ነገር ይዞ መጥቶ ነበር። መለስነው። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው በየጎኑ በሁለት ሦስት ጣት ቢሰፋ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃውን ይዞ ይቀመጣል፤ መጨረሻው የቀለም ባልዲው ታሪክ ነው። ቀዳዳ መኖሩንም… አዎ፣ ሦስት ጊዜ አየን።

ከታች ጠጠር ማነጠፍ ውሃ ያሳልፋል የሚሉ ብዙ ናቸው። ያው አያሳልፍም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ይቆያል። ጠጠሩ የሥሯን ቦታ ከመሻማት ሌላ ጥቅም የለውም። አፈሩ እንዳይፈስ ቀዳዳው ላይ የወንፊት ቁራጭ ጣል አደረግን፤ በቃ። ለአፈሩ ሁለት እጅ ጥሩ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቀልን። የኮዬ ፈጬ ጥቁር አፈር ብቻውን ለፖት አይሆንም፤ ሲረጥብ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሥሩን ይዞ ነው። ጤና አዳም ውሃ የማይተኛበት አፈር ነው የምትወደው።

ሰዓቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ስትበርድ። እምዬ በርጩማዋን አውጥታ በረንዳው በር ላይ ተቀመጠች። መቁጠሪያዋን ይዛለች። የቀዶ ሕክምና ይመስል ነበር።

ጀሪካኗን ከላይ እስከ ታች በሁለት ጎን በመቀስ ቀደድናት። ቀስ እያልን፣ መቀሱን ወደ ውጭ እያዘነበልን፣ ሥሩን እንዳይነካ። ከዚያ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቀቀችልን። ግንዷን ማንም አልያዘም። ይህ የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ ተክል በአንገቱ አይነሳም። ግንድ ከተቀጠቀጠ ምትክ የለውም፤ ሁለት እጃችሁን ከሥር አስገብታችሁ አፈሩን እንደ ሕፃን ነው የምትደግፉት። ዕቃው የማይቀደድ ከሆነ ደግሞ ግንዱን በሁለት ጣት መሀል አድርጋችሁ መዳፋችሁን አፈሩ ላይ ዘርጉ፤ ገልብጡት፤ ታቹን መታ መታ አድርጉ፤ ራሱ ይወጣል።

ሥሯ በአፈሩ ዙሪያ ነጭ ፈትል መስሎ ተጠምጥሟል። የጀሪካኗን ቅርጽ ይዛ ቆመች፤ የፋብሪካው ጽሑፍ እንኳን ተገልብጦ አፈሩ ላይ ይነበብ ነበር። እንዲያው ብትተከል ሥሯ እዚያው እየዞረ ይቀራል፤ አዲሱ አፈር ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጎን ለጎኑን በጣት ጫፍ ብቻ ላላ ላላ አደረግነው። ዙሪያውን ብቻ! መሀሉን፣ ያንን የካዛንቺስ አፈር ያቀፈውን፣ አልነካንም። በድሮው ጥልቀቷ ላይ አስቀመጥናት፤ ግንዷ ከተቀበረ ይበሰብሳልና። በዙሪያው አፈር ሞላን፤ በጣት ጫን ጫን አደረግን እንጂ አልደበደብንም። ከታች ጠብ እስኪል አጠጣን። አለቀ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ቀናት ግን ዓመት ፈጁ።

በማግሥቱ ጠወለገች። ልክ እንደዚያችኛዋ፣ አንገቷን ደፋች። ወንድማችን ማንቆርቆሪያውን አነሳ። ትንሿ እጁን ያዘችው። አፈሩን በጣት ስናየው እርጥብ ነው። ማለትም ውሃው አለ፤ ሥሩ ግን ገና አልሳበም። በዚህ ጊዜ ማጠጣት ማለት መስጠም ነው። ማዳበሪያም አይሰጥም፤ ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ፣ የቆሰለ ሥር ያቃጥላል። የሚደረገው ነገር ምንም ነው። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ የማይመታት ቦታ አስቀምጦ መጠበቅ። ምንም አለማድረግ እንደዚህ ከባድ መሆኑን አናውቅም ነበር። ሌሊት እየተነሳን በስልክ መብራት እናያታለን። እምዬ ቡናዋን ማፍላቱንም ተወች። ‹‹ራሴን አሞኛል።››

በሦስተኛው ቀን ማታ ከእኛ አንዱ (አሁንም ስም አንጠቅስም) ሊያጽናናት ፈልጎ ‹‹እምዬ፣ ተክልም እንደ ሰው እኮ ነው፤ ቦታ ሲቀይር ትንሽ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይለምዳል›› አላት። ቀና ብላ አየችው።

‹‹እሷን ከነአፈሯ ነው ያዛወራችኋት›› አለች። ‹‹እኔን አፈሬን አራግፋችሁ ነው።››

ማንም መልስ አልነበረውም። አፈሯ ማን እንደሆነ እናውቃለን። በር ሳያንኳኩ የሚገቡት ጎረቤቶቿ፣ ማኅበሯ፣ ዕድሯ፣ ጠዋት ጠዋት ‹‹እንዴት አደርሽ›› የሚሏት ባለሱቅ… አንዱ በአንድ ማዶ፣ ሌላው በሌላ ማዶ ተበትነዋል። አንዷን ወዳጇን ለማየት ሦስት ታክሲ ይያዛል። እኛ ሦስታችን ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን አንድ ጭረት ሳይነካው አምጥተናል። እሷን ግን ‹‹አራተኛ ፎቅ ጥሩ አየር አለው›› ብለን አስቀምጠን ሄድን። ይልመድባት ብለን። ስትደርቅ ደግሞ መድኃኒት እናጠጣታለን።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጤና አዳሟ አንገቷን ቀና አደረገች። ከሳምንት በኋላ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እያስለመድን፣ ቀስ በቀስ ወደ በረንዳው ጫፍ አወጣናት። በሦስተኛው ሳምንት ከመሀሏ አዲስ፣ ግራጫ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለ። እምዬ በመነጽር አየችው። ከዚያ ያለ መነጽር አየችው። ከዚያ ከሰል አቀጣጠለች።

ያን ቀን ቅዳሜ ነበርና ሦስታችንም ቤት ነበርን። ትንሿ እየወረደች በየፎቁ አንኳኳች፤ ‹‹አያቴ ቡና ጠጡ ትላለች›› እያለች። እምዬ እንዲህ አላለችም፤ አልተቃወመችም ግን። ከሁለተኛ ፎቅ አንዲት እናት መጡ። ከቄራ አካባቢ ነው የመጡት፤ ሁለት ዓመት እዚህ ሲኖሩ የሰው ቤት ቡና ሲጠጡ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነገሩን። ሲኒያቸውን ሲቀበሉ አሸተቱና ‹‹ጤና አዳም!›› ብለው ጮኹ። እምዬ ፈገግ አለች።

በኋላ ስንሰማ ሁለቱ ስለ ቅንጣቢ ያወራሉ። እምዬ የመዳፍ ስፋት ያህል ቀንጥሳ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች መልምላ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰክታ ጥላ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ እያስረዳች ነው። ሥር እስኪያወጣ ሳምንታት ይወስዳል፤ ሳትነካኩ መጠበቅ ነው። አሁን በረንዳው ላይ አራት የእርጎ ኩባያዎች ተደርድረዋል። ታቻቸው ተበስቷል። አንዱ የሁለተኛ ፎቋ እናት ነው፣ አንዱ የጥበቃው፣ አንዱ ደግሞ ሦስት ታክሲ ተሳፍሮ ለካዛንቺሷ ወዳጇ የሚሄድ ነው። እኛው ነን የምናደርሰው፤ ታዝዘናል።

አራተኛው ባለቤት የለውም። የምትፈልጉ ካላችሁ ኑና ውሰዱ፤ እምዬን ማስፈቀድ ግን የእናንተ ሥራ ነው። ጀሪካን ይዛችሁ እንዳትመጡ ብቻ።